አያ ጫኔን አውሱኝ

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት የጎረቤት ልጅ መጥታ በራችንን ቆረቆረች። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ፀዳ ካለው ልጄ ቤት ከገባሁ ወዲህ ዕቃ ሊዋስ የመጣ ሰው ብዙ አላየሁም፤ አሁን ሰው የጎደለውን ከሱቅ ይገዛል እንጂ የሰው በር አይመታም። ልጅቱ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ፣ «እማማ፣ ወንፊት ካለዎት አውሱኝ ብላለች እናቴ» አለችኝ። ምራቴ የምትሠራበትን የፕላስቲኩን ትቼ፣ እኔ ከእናቴ ቤት ያመጣሁትን፣ በፈረስ ጭራ የተሠራውን፣ ከተሰቀለበት አወረድኩ። አቧራውን እፍ ስልበት የአሮጌ ዱቄትና የፈረስ ጠጉር ሽታ ፊቴ ላይ መጣና እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

«ምን ሆኑ እማማ?» አለችኝ ልጅቱ።

ወንፊቱን ሰጠኋትና ሄደች።

ያ ዕቃ ሌላ ስም እንዳለው ልጅቱ ከየት ታውቃለች? እኔ ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ወንፊትን ወንፊት ብሎ የሚጠራ ሰው አልነበረም። ስሙ አያ ጫኔ ነበር። አያ ጫኔ ደግሞ አባቴ ነው።

ቤታችን ከአራዳ ቁልቁል ወደ አንገረብ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ዳር ነበር። አባቴ ራፖር ጸሐፊ ነበር፤ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጥቁር ጃንጥላውን ዘርግቶ፣ ሣጥን ላይ ተቀምጦ፣ ለማይጽፍ ሰው አቤቱታ ይጽፋል። በልጅነቱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ስለተማረ ቃል ያውቅበታል፤ ጽፎ ሲጨርስ ለባለጉዳዩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብለታል። ሰው የገዛ በደሉን በሸጋ አማርኛ ተጽፎ ሲሰማ ያለቅስ ነበር። ምሳ ላደርስለት ስሄድ ሰው ሲያለቅስ አይቼ አባቴ የመታው መስሎኝ የፈራሁበት ቀን ትዝ ይለኛል። ያን ጊዜ በአባቴ እኮራ ነበር። የአያ ጫኔ ልጅ ናት ሲሉኝ አንገቴ ይረዝማል።

ውሃ የምንቀዳው ከወንዙ ነበር። ጣሊያን ያበጀው ቧንቧ ከፒያሳ አልፎ ወደ እኛ አልወረደም፤ እኛ ሴቶች ልጆች እንስራ ተሸክመን ዳገቱን ስንወጣ አንዳንዴ ተንሸራተን እንስራውም ውሃውም መንገድ ላይ ይቀራል። አባቴ ስለዚህ ውሃ ለሰፈሩ ሰው ስንት አቤቱታ እንደጻፈ እሱ ነው የሚያውቀው። መልስ አልመጣም። እና በጃንሆይ ጊዜ፣ ሕዝቡ ለፓርላማ እንደራሴ ይምረጥ የተባለ ጊዜ፣ ኮሶዬ ላይ የአባቶቹ ርስት ስለነበረው መወዳደር ይችላል ተባለና ተመዘገበ። «ሰፈራችን የቦኖ ውሃ ሳላስገባ አልመለስም» አለ። ሰዉ ሁሉ መረቀው። እናቴ ግን እሱ በሄደ ቁጥር የመድኃኔ ዓለምን ሥዕል ተሳልማ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ያን ጊዜ አብዛኛው ሰው ፊደል ስለማይለይ ለየተወዳዳሪው ምልክት ይሰጥ ነበር፤ መራጩ ስም ሳያነብ ሥዕሉን አይቶ እንዲመርጥ ነው። ምልክቱ በዕጣ ወጣ። ማኪና ላለው ነጋዴ ፈረስ ደረሰው። ለአንዱ ፋኖስ ደረሰው። ለአባቴ ወንፊት።

ዕጣውን የሚያወጣው ሹም ራሱ አዘነለት አሉ። «አያ ጫኔ፣ ይህስ የሴት ዕቃ ነው፤ ከፈለጉ ሌላ እንስጥዎ፣ ቁልፍም አለ፣ ዶሮም አለ» አለው። አባቴ ግን ዕጣ የእግዚአብሔር ነው ብሎ አመነ፤ ማትያስም ከሐዋርያት የተቆጠረው በዕጣ አይደለም ወይ? የወጣለትን ሊመልስ አልፈቀደም። ቤት ገብቶ ሲነግረን እናቴ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ፈረሱ ለማን ደረሰ?»

ነገሩን የጀመሩት እትዬ ብርቄ ናቸው። እትዬ ብርቄ ከእኛ በታች ጠላ እየሸጡ የሚኖሩ፣ ልባቸው ቸር፣ ምላሳቸው ግን ሰው የማይምር ሴትዮ ነበሩ። ወንዙ ዳር፣ ሴቶቹ ሁሉ እንስራቸውን እየሞሉ ሳለ፣ ወገባቸውን ይዘው ቀጥ አሉና፣ «ኧረ ሴቶች፣ አያ ጫኔ ይህን ውሃ በምን ሊያመጡልን ነው?» አሉ። ራሳቸው መለሱና፣ «በወንፊት!» አሉ።

የሴቶቹ ሣቅ ከማዶው ገደል ተመልሶ መጣ። እኔ እንስራዬን ግማሽ ብቻ ሞልቼ ሮጥኩ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ቀዳዳ ያለው አንድም ነገር ከአባቴ ስም አላመለጠም። ጣራ ያፈሰሰበት ሰው፣ «ቤታችን አያ ጫኔ ሆነ» ይላል። ምሥጢር የማትቋጥር ሴት አፏ አያ ጫኔ ነው። ብል የበላው ጋቢ፣ ቀዳዳው የበዛ ካልሲ፣ የደብሩ አለቃ አሮጌ ጃንጥላ ሳይቀር አያ ጫኔ ተባለ። ሰዉ ጨዋ ስለሆነ ሲቀልድም አክብሮቱን አልተወም፤ ወንፊቱን በአንቱታ ነው የሚያወራለት። «አያ ጫኔ ተቀደዱብኝ» ይላሉ። «አያ ጫኔን ጭስ ላይ አትስቀሉዋቸው፣ ይጠቁራሉ» ይላሉ። እትዬ ብርቄ አንድ ቀን እናቴ ፊት፣ «አያ ጫኔ ትናንት እኛ ዘንድ አደሩ» ብለው ሴቶቹ መሬት እስኪነኩ ሣቁ። እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። ትስቅ ይሁን ታልቅስ አላየሁም።

የክፋቱ ክፋት ደግሞ ከሰፈሩ ሁሉ ጥሩው ወንፊት የእኛ ነበር። አክስቴ ውዴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ከኮሶዬ ያመጣችልን ነው፤ ጠጉሩ ቀጠን ያለ፣ ክፈፉ የወይራ። ድግስ የደረሰበት ሁሉ የሚዋሰው እሱን ነው። አንድ ጠዋት አባቴ ብዕሩን እያሾለ ተቀምጦ ሳለ የእትዬ ብርቄ ልጅ፣ ገና አፏን በቅጡ ያልፈታች፣ በራችን ላይ ቆማ፣ «አያ ጫኔን አውሱኝ ብላለች እናቴ» አለች። ለእሷ ስሙ ያው ነው፤ ሌላ አልሰማችም። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። አባቴ ቀና አላለም። ብዕሩን ብቻ ማሾል ተወ። እናቴ ተነሥታ ወንፊቱን አወረደች፣ ዱቄቱን በእጇ መታ መታ አድርጋ ለልጅቱ ሰጠቻትና፣

«በደህና ትመልሳቸው በያት» አለች።

የምርጫው ቀን ድምፅ የሚሰጠው በእኛ ትምህርት ቤት ግቢ ነበር። ከተማው በነጭ ልብስ ሞልቷል። ረፋዱ ላይ በደባርቅ መንገድ በኩል ወደ አርባ የሚሆን የገበሬ ሰልፍ ብቅ አለ፤ የአባቴ ዘመዶች ናቸው፣ ከኮሶዬ በእግራቸው ሌሊቱን የተጓዙ። ሁሉም፣ ወንዱም ሴቱም፣ ወንፊት ይዘዋል። ያለው የራሱን፣ የሌለው ተውሶ። አክስቴ ውዴ ከፊት ናት፤ ወንፊቷን እንደ ጋሻ ደረቷ ላይ ይዛለች።

በእነሱ አገር ለሰው መቆም እንደ ዋስ መሆን ነው። ዋስ ደግሞ ተደብቆ አይሆንም፤ ሰው በአደባባይ ወጥቶ፣ እያዩት፣ እኔ የእገሌ ነኝ ይላል። ድምፅ በምሥጢር ይሰጣል ቢሏቸው ሌቦች የሚሠሩት ሥራ መሰላቸው።

በሩ ላይ የቆመው ሹም ዓይኑን ማመን አቃተው። «ይህ የተሸከማችሁት ምንድን ነው?»

«ወንድሜን ነዋ!» አለች አክስቴ።

ሕዝቡ በሣቅ ፈነዳ። የክፍሌ ልጆች ግንቡ ላይ ተደርድረው ነበር፤ ዞረው እኔን አዩኝ። ፊቴ እሳት ሆነ። ሹሙ ምልክት ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ ወንፊቱን ከውጭ አስቀምጣችሁ ግቡ አለ። አንዳንዶቹ አስቀምጠው ገቡ። አክስቴ ግን፣ «ዋስ የሆንኩለትን ደጅ ጥዬ አልገባም» አለች። ሹሙ ለመናት፣ ተቆጣት፤ ወይ ፍንክች። ግማሹ ኮሶዬ እሷን ተከትሎ ውጭ ቀረ። ወንፊታቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ከአጥሩ ሥር እስኪመሽ ተቀመጡ። ለእሱ ሲሉ የሌሊት መንገድ ተጉዘው፣ ለእሱ ሲሉ ሳይመርጡት ቀሩ።

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ። ሰዎቹ በሩ ላይ ከተዉት ቁልል አንዱ ወንፊት ተነቅሎ በክፈፉ ቆመና ቁልቁል ወደ አራዳ መንከባለል ጀመረ። ልጆቹ ከግንቡ ዘለው ተከተሉት። «አያ ጫኔ አመለጡ! ያዙዋቸው! ያዙዋቸው!» ጩኸታቸው ገበያውን ሞላው። ባለ ሱቆች ሊያዩ ወጡ፣ አህያ ደነበረ። ወንፊቱ ዝንፍ ሳይል ወረደ፣ ወረደ፣ አባቴ ከሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ጋር ከቆመበት አጠገብ ሲደርስ ተንገዳግዶ እግሩ ሥር ወደቀ። አባቴ ጎንበስ ብሎ አነሣው። ጉዳት ደርሶበት እንደሆነ ክፈፉን እያዞረ አየና ብብቱ ውስጥ ያዘው። ነጋዴው አፉን በጋቢው ሸፍኖ ይስቃል። እኔ ከአንድ ሱቅ በር ኋላ ሆኜ ይህን ሁሉ አያለሁ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ፈረሱ አሸነፈ። ኮሶዬዎች ገብተው ቢሆን ኖሮ የሚል ሰው በቤታችን አልነበረም፤ ሁሉም ግን ያስበዋል። አክስቴ በማግሥቱ ወደ አገሯ ስትነሣ ነገሩ ገብቷት ታለቅስ ነበር። «ታዲያ ደጅ ልጥልህ ኖሯል?» አለችው። አባቴ ትከሻዋን ሳማት። «ደግ አደረግሽ» አላት።

ከዚያ በኋላ በሰፈሩ ሁሉ ወንፊት ስም የሌለው በእኛ ቤት ብቻ ሆነ። እናቴ አያ ጫኔ አትለው፣ ወንፊትም ብትለው ልክ የሸሸች ይመስልባታል። «ያንን አቀብይኝ» ትለኛለች፣ በአገጯ እያመለከተች። አባቴ ባለበት ዱቄት መንፋት ተወች። እሱ ወደ ሥራው ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይጸልያል። ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር አቤቱታ ሲያነብ ድምፁ እንደ ድሮው እንደማይሰማ ሰው ሲያወራ ሰማሁ።

ትምህርት ቤት ሌላው ፈተና ነበር። በየጠዋቱ መምህራችን ስም ይጠራል፤ የልጁን ስም ከነአባቱ። «ዓለምነሽ ጫኔ» ሲል ከኋላ አንዱ በእጁ የመንፋት ምልክት ያሳያል፣ ክፍሉ ይታመሳል። መምህራችን መታ፣ አንበረከከ፤ ሣቁ ግን አልቆመም። በመጨረሻ ለእኔ አዝኖ አንድ ዘዴ አበጀ። አንድ ጠዋት፣ «ዓለምነሽ» ብሎ ወደሚቀጥለው አለፈ። ሣቁ በእውነት ቆመ። ለዚያ ሰው እስካሁን እጸልይለታለሁ፤ ያደረገው ለደግ ነው። ግን ያ ሁሉ ልጅ ከነአባቱ ሲጠራ፣ በክፍሉ አባት የሌለኝ እኔ ብቻ ሆንኩ። አንዲት አዲስ የመጣች ልጅ በዕረፍት ሰዓት ጠጋ ብላ፣ «አባትሽ መቼ ነው የሞተው?» አለችኝ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ሲስቁብኝ ያፈርኩት ከዚህ ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም።

ሰኔ ላይ የወላጆች በዓል ሆነ። ከክፍሌ ሁለተኛ ስለወጣሁ ሽልማት አለኝ። አባቴ አይመጣም ብዬ ነበር፤ በሕዝብ ፊት መቆም ትቶ ነበርና። ዘወር ስል ግን ከኋላ፣ ከእናቴ አጠገብ፣ ነጭ ለብሶ ቆሟል። መምህራችን አንደኛ የወጣውን ልጅ ከነአባቱ ጠራው። ከዚያ፣

«ዓለምነሽ!» አለ።

ብድግ ስል ከኋላ አንድ ድምፅ መጣ። አቤቱታ የሚያነብበት የድሮው ድምፁ ነው።

«መምህር፣ ስሙን አልጨረሱትም።»

መምህራችን ደነገጠ። «ምን አሉ አባቴ?»

«ዓለምነሽ ጫኔ ነው የልጄ ስም። ባለ ወንፊቱ ጫኔ።»

ሣቁ እንደ ጎርፍ መጣ። እትዬ ብርቄ እልል አሉ። አባቴም ሣቀ፤ ከምርጫው ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እኔ ግን ጉንጬ እየነደደ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ሽልማቴን ተቀበልኩ። ያ ሁሉ ወር መምህሩ የደበቀልኝን እሱ በአንድ ቃል አወጣው ብዬ ተናደድኩ።

ስንመለስ እናቴ ከፊት ቀደመች። ጥቂት እንደሄድን አባቴ፣ «ያፈርሽው በእኔ ነው፣ በወንፊቱ?» አለኝ።

«በወንፊቱ» አልኩ።

«ምነው? እሱ ምን አደረገሽ? ገለባውን ለራሱ አስቀርቶ ዱቄቱን ሰጠሽ እንጂ» አለ።

ቤት ደርሰን ጋቢውን እየሰቀለ እናቴን፣ «አያ ጫኔ የት ሄዱ፣ ዛሬ አላየኋቸውም» አላት። እናቴ መጀመሪያ በእውነት በደንብ ሰማሁ ወይ በሚል ዓይን አየችው። ከዚያ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሣቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ ሣቀች። ወንፊቱን ከጓዳ አውጥታ በፊቱ ተቀምጣ ዱቄቱን ትነፋ ጀመር።

ቦኖው የመጣው እኔ ካገባሁ በኋላ ነው። ሊከፍቱት ትልልቅ ሰዎች መጡ፤ አባቴን የጠራው የለም፣ እንደማንኛውም ሰው ከሕዝቡ መካከል ቆመ። ቧንቧው ሲከፈት የዛገ፣ አሸዋና ቅርፊት ያለበት ውሃ ተንደቅድቆ ወጣ። ትልልቆቹ ሰዎች ልብሳቸውን እየሰበሰቡ ወደ ኋላ አሉ። እትዬ ብርቄ ዙሪያቸውን አይተው፣ «አያ ጫኔን አምጡ!» አሉ። ልጆች ሮጡ። ወንፊቱ እንስራው አፍ ላይ ተጣለ፣ ቅርፊቱ ከላይ ቀረ፣ ውሃው ወረደ። እትዬ ብርቄ እንስራቸው ሲሞላ ወደ አባቴ ዞሩና፣ «አያ ጫኔ፣ ይማሩኝ» አሉ። አባቴ እጁን ብቻ አነሣ።

ያ ሰፈር ዛሬ የለም። እትዬ ብርቄም፣ አክስቴም፣ እናቴም ሄደዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። በአባቴ ተዝካር ካህናቱ የጠሩት የክርስትና ስሙን ነው፤ ለእግዚአብሔር የሚታወቀው በዚያ ነው። ልጆቼ የአባታቸውን ስም ይዘዋል፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደግ ሰው ነበር። ጫኔ የሚለው በእኔ ያልቃል። ወንፊትም ወንፊት ሆኖ ቀረ። ስሙን እንዳልሰማ ጆሮዬን የያዝኩበት ልጅነቴ ትዝ ሲለኝ፣ አሁን በራችን ላይ አንድ ሰው ቆሞ ያንን ቃል እንዲለኝ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ።

ልጅቱ ወንፊቱን በማግሥቱ በደህና መለሰች። ሰኞ ለዓይኔ ጤና ጣቢያ ሄድን። ወረፋው ረዥም ነው። አንድ ወጣት ካርዶቹን ይዞ ብቅ አለና፣ «ዓለምነሽ!» አለ። ቁጭ ብዬ ቆየሁ። «ዓለምነሽ የሉም?» አለ ደግሞ። ምራቴ ክንዴን ነካ አደረገችኝ።

«እማማ፣ እርስዎን እኮ ነው።»

«ቆይ፣ አልጨረሰም» አልኳት።

ልጁ ካርዱን ወደ ዓይኑ አቀረበና ደግሞ ጮክ ብሎ ጠራ።

«ዓለምነሽ ጫኔ!»

«አቤት» ብዬ ተነሣሁ።